ቁጥሩስ?

ይህችን አንዲት ቃል በሦስት ቀን ውስጥ 11 ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ቆጥሬያታለሁ፤ ሌላ የምቆጥረው ነገር አልነበረኝም። የግቢው ጥበቃ ጠየቀኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው ጠየቀኝ። በመስኮት በኩል ግማሽ ፊቷ ብቻ የሚታየኝ ልጅ ጠየቀችኝ። ከፍርድ ቤቱ ማዶ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ እንኳ ስኳሩን እየጨመረች፣ «ለግልባጭ ነው የመጣኸው? ቁጥሩን ይዘሃል?» አለችኝ።

የመዝገብ ቁጥሩን ማለታቸው ነው። የመዝገብ ቁጥር የት ይገኛል? በውሳኔው ግልባጭ ላይ፣ ከላይ ተጽፎ። ግልባጩን ለማውጣት ምን ያስፈልጋል? የመዝገብ ቁጥር። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ነገሩን ሳላብራራለት ይረዳኛል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

አጎቴ የሚኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። የወረዳዋን ስም አልጠራም፤ ነገ ሌላ ጉዳይ ይዤ ልመለስባት እችላለሁ። በ1989ኙ የመሬት ድልድል ለአጎቴና ለአንድ ጎረቤቱ መሬት ጎን ለጎን ደረሳቸው። በመካከላቸው ወሰን ነበረች። ወሰን እንደምታውቁት ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ እግር የለውም። የአጎቴ ወሰን ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ አንድ እርምጃ ትራመድ ነበር። ተካሰሱ፤ አጎቴ ረታ። ጎረቤቱም ፍርዱን አክብሮ፣ በየበዓሉ ከአጎቴ ጋር ጠላ እየጠጣ ኖሮ፣ በዕድሜው አረፈ። ልጁ ግን የወረሰው መሬቱን ብቻ አልነበረም፤ ክርክሩንም አብሮ ወርሶታል። ያንኑ ወሰን ይዞ እንደ አዲስ ክስ መሠረተ።

አዲስ አበባ ጠበቃ የሆነ ዘመድ አለን። ስደውልለት ሳቀ። «ይሄማ ቀላል ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 5፤ በፍርድ ያለቀ ነገር እንደገና አይነሣም። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ታቀርባላችሁ፤ የድሮውን ውሳኔ ማያያዝ ብቻ ነው።»

ይህ ሕግ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛልና አከብረዋለሁ። ቅር ያለኝ ዘመዴ «ብቻ» ባላት ቃል ነው። ጠበቃ «ብቻ» ሲል፣ ሐኪም «ትንሽ ያማል» ሲል፣ ግንበኛ «እስከ ቅዳሜ» ሲል ሰው ትንፋሹን ሰብሰብ ማድረግ አለበት።

አጎቴን፣ «ግልባጩስ? ያኔ ሲፈረድልህ አልወሰድክም?» አልኩት በስልክ።

«ወስጄ ነበር እንጂ። ዳዊቴ ውስጥ አኑሬው አይጥ በላው።»

«ዳዊቱንስ?»

«ዳዊቱን አልነካም።»

ዳዊቱ ብራና ነው፤ የአያቱ። የጎጃም አይጥም ብራናና ወረቀት ለይታ ታውቃለች ማለት ነው። እኛ ልጅ ሆነን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለው ነው ያሳደጉን። አይጧን ግን በምሳሌው ውስጥ ያነሣት ሰው አልነበረም።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ ሄደህ አውጣልኝ» አለኝ አጎቴ። የተማረ ሰው ማለት በዘመድ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ይህን ጊዜ ገባኝ፤ በፈረንጅ አፍ የሚያወራ፣ ጫማው የማይቆሽሽ፣ ወረፋ የሚይዝ ሰው ማለት ነው።

መንገዱን አላስረዝመውም። ዓባይን ወርጄ ወጣሁ፤ ደብረ ማርቆስ አደርኩ፤ ከዚያ ወዲያ በሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወዲያ በአይሱዙ፣ ከድንች ማዳበሪያ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቼ ሰኞ ረፋድ ላይ ደረስኩ።

የፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ። ዱላ እንጂ መሣሪያ የለውም፤ ዓይኑ ግን ይበቃል።

«ባለጉዳይ ነህ?»

እዚህ ላይ የተማረ ሰው ስሕተት ሠራሁ፤ ተከራከርኩ። «ፍርድ ቤት ለሕዝብ ክፍት አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ክፍት ነው» አለኝ ሳይቆጣ። «ግን ጉዳይ ከሌለህ ምን ትሠራበታለህ?»

መልስ አጣሁለት። እስካሁንም አላገኘሁለትም። «ባለጉዳይ ነኝ» አልኩት አንገቴን ደፍቼ። «ቁጥሩስ?» አለኝ። አንድ።

በአያቶቻችን ጊዜ ይህ ጥያቄ አልነበረም። በር ራሱ አልነበረማ። ችሎት ዛፍ ሥር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ኩታቸውን እያጣፉ፣ «በላ ልበልሃ» ይባባላሉ፤ በማር ይወራረዳሉ፤ ሲሞቃቸው በበቅሎ ይወራረዳሉ። መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ይሰማል፤ ተከራካሪዎቹ ካስቆሙት ደግሞ የመንገድ ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል። ተካሳሾቹ ከዋናው ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ያድራሉ። በሙግት የተሳሰረ ሰው የመዝገብ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ተከሳሹ ራሱ እኮ ከጎኑ ታስሮ ያንኮራፋል።

አዋጅም ቢሆን በነጋሪት ነበር የሚነገረው። ነጋሪቱ ሲጎሰም ያልሰማ ሰው «አልሰማሁም» ለማለት ያፍራል። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲመጣ ከበሮው ወረቀት ሆነ፤ ድምፁ የቀረው በስሙ ላይ ብቻ ነው። የድሮው ዳኝነት ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሌባ ሻይ ያየ ዘመን አይናፈቅም። ግን ያኔ ፍርድ የሚደበቅበት ቦታ አልነበረውም። የሰማው ሰው ሁሉ መዝገብ ቤት ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ማመልከቻ ጸሐፊው ከግቢው ውጪ ዋንዛ ሥር፣ ዣንጥላ ዘርግቶ፣ ላፕቶፕ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዛፍ ሥር የቀረ የፍርድ ሰው እሱ ብቻ ነው። የምፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኩት፤ በአንድ ገጽ ጻፈው። «በታላቅ ትሕትና» ሦስት ጊዜ ገባች። ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። በሐዘኔታ ነጥብ ነጥብ ነጥብ አደረገባትና አትሞ ሰጠኝ። እኔና አጎቴ ያለን ማስረጃ ያቺ የነጥብ መስመር ነበረች።

መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። ነጥቦቹን አየቻቸው። «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተከፈተ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ላይ በስም እፈልግልዎታለሁ። የድሮ ከሆነ ግን ባሕር መዝገብ ነው።»

ባሕር መዝገብ! የማያውቀው ካለ፣ በየዓመቱ የሚከፈቱ ክሶች በተራ የሚመዘገቡበት ትልቅ ደብተር ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፤ ባሕር የሌላት አገር ከነማዕበሉ መዝገብ ቤት ውስጥ አስቀምጣዋለች።

«እሺ፣ ባሕሩን እንየው።»

«ባለ ቁልፉ ለቅሶ ሄደዋል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሟቹ ዘመዳቸው ናቸው» አለችኝ። ይህም መልስ ነው። ሰኞ በዚህ አለቀ።

ባለ ቁልፉ ማለት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሳገኛቸው ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሦስት ቁልፍ በሲባጎ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። ከሦስቱ አንዱ የቤታቸው ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። መደርደሪያው ሞልቶ የተረፈው በማዳበሪያ ታስሮ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ዩሪያ የመጣበት ማዳበሪያ ክስ ሞልቶ አፉን በሲባጎ ተቋጥሯል። የአገራችን የፍርድ ነገር ግርም ይላል። የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ ታትመው ማንም ያነባቸዋል። እታች ደግሞ፣ የአጎቴ ወሰን ያለበት ፍርድ፣ እዚህ የዩሪያ ሽታ ለብሶ ተቀምጧል።

«አቤት ልጄ» አሉኝ።

አስረዳኋቸው።

«ቁጥሩስ?»

ሰባተኛው መሆኑ ነው። ትዕግሥቴ አለቀ። ከአዲስ አበባ ስነሣ ለክፉ ቀን ብዬ የያዝኩትን ጥይት ተኮስኩ። «ጋሼ፣ መረጃ የማግኘት መብት እኮ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተጽፏል። ደግሞም በ590/2000...»

ሳልጨርስ ብድግ አሉ። «እንዲህ አትልም እንዴ! ጠብቀኝ።»

ደስ አለኝ። ዕውቀት ኃይል ነው እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። ሩብ ሰዓት ያህል መሰላሉ ሲንሿሿ፣ አቧራ ሲራገፍ፣ ሳል ሲሳል ሰማሁ። ከዚያ ባለ ቁልፉ አንድ ቢጫ የወረቀት አቃፊ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና ፊቴ አስቀመጡት።

«ይኸው። 590/2000።»

ከፈትኩት። የአዋጅ ቁጥር ጠርቼ የሰው መዝገብ አስወጥቻለሁ። አንዲት ሴት ባሏን ከስሳ ነበር፤ በቅሎዋን ሳታውቅ ገበያ አውጥቶ ሸጦባታል። ባልየው «የጋራ ናት» ይላል፤ ሚስቲቱ «ከአባቴ ቤት ይዣት የመጣሁ ናት» ትላለች። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይባላል፤ ሴትዮዋ ግን ያለ ፍርድ የሄደችባት በቅሎዋ ራሷ ናት። ምስክሮቹ የበቅሎዋን ጠባይ ሳይቀር ተናግረዋል። ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሴትዮዋ ረትታለች። ባለ ቁልፉም «ጥሩ ፍርድ ነበር» አሉኝ፤ በቃላቸው ያውቁታል።

አስተውሉልኝ። የማላውቃት ሴት፣ ያልተጋበዝኩበት ትዳር፣ ያላየኋት በቅሎ፤ ማነህም፣ ምን አገባህም ሳልባል ተሰጠኝ። ቁጥር ነበራታ። የአጎቴን ግን፣ ልጅነቴን ያሳለፍኩበትን መሬት፣ ማየት አልቻልኩም።

ሰውየውን ላለማስከፋት እንደ ምንም ብዬ አዋጁን አስረዳኋቸው። 590/2000 የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ነው፣ መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይላል፣ እምቢ ካለ እንባ ጠባቂ ዘንድ አቤት ይባላል አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«30 ቀን?» አሉኝ መጨረሻ ላይ ቅር ብሏቸው። «እኔ ሰው 30 ቀን አጉላልቼ አላውቅም። እስከ ነገ እናገኘዋለን። ዓመቱን ንገረኝ።»

ዓመቱን አላውቅም። ስልክ አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ከግቢው ጀርባ ጉብታ አለች፤ ባለጉዳይ ሁሉ ዘመዱን የሚያገኘው እዚያ ላይ ቆሞ ነው። ወጥቼ አጎቴን ደወልኩለት።

«ዓመቱንስ እንጃ» አለኝ። «ዘመነ ሉቃስ ነበር ግን። የሕዳር ሚካኤል ማግሥት። ዓርብ ቀን።»

«ዓርብ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ረትቼ ስወጣ በግ አርዳለሁ ብዬ ዝቼ ነበራ። ዓርብ ሆነና በሽሮ ተደሰትን። ይሄ ይረሳል?»

ወርጄ ለባለ ቁልፉ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በኋላ እንደነገሩኝ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ደበሎ ለብሰው በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ለምነዋል፤ ባሕረ ሐሳብም ቀጽለዋል። የግራ እጃቸውን አንጓ በቀኝ አውራ ጣታቸው እየነኩ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የእኔ ስልክ ያንን ጉብታ ወጥቶ ኔትወርክ እስኪይዝ የፈጀውን ያህል እንኳ አልፈጀባቸውም።

«ከድልድሉ ወዲህ ሉቃስ 91 ነው፣ 95 ነው፣ 99 ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «በ91 ሕዳር 13 እሑድ ይውላል፤ እሑድ ዳኛ አይሰየምም። በ99 ረቡዕ ነው። ረቡዕም ይጾማል፤ ረቡዕም በሽሮ ነው። ግን አጎትህ ዓርብ ብሏል። በ95 ቅዱስ ዮሐንስ ረቡዕ ዋለ፤ ሕዳር 13 ዓርብ ነው። 1995።»

«አጎቴ ቀኑን ተሳስቶ ቢሆንስ?»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ሰው ረትቶ ሽሮ የበላበትን ቀን አይሳሳትም።»

የ95ን ባሕር መዝገብ ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ግን የ94ን አወረዱ። ግራ ገባኝ። «ፍርዱ ነው የ95። ክሱ ያኔ አልተከፈተም። የወሰን ነገር ምስክር አለው፤ ቀበሌው ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት አለበት፤ በመካከል ክረምት ገብቶ ፍርድ ቤት ይዘጋል። ከሚያዝያ ግንቦት ጀምረን እንይ።» ጣታቸው በገጹ ላይ ቁልቁል ወረደች። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክሱ ዓይነት። የቤት ኪራይ፤ ቀለብ፤ የባሕር ዛፍ ግምት፤ ቀለብ፤ ወሰን። ጣቷ ቆመች። የአጎቴ ስም ነበር፣ ከነአያቱ።

214/94።

ተመልከቱኝማ፤ ይህን ቁጥር ለማግኘት ወንጌላዊው ሉቃስ፣ መልአኩ ሚካኤልና አንድ ሰሐን ሽሮ አስፈልገዋል። ባለ ቁልፉ ባይኖሩ ኮምፒዩተሩም፣ አዋጁም፣ እኔም ከነዲግሪዬ አናገኘውም ነበር። በቃል ያለ ይረሳል ያለው ሰው እኒህን ሽማግሌ አላያቸውም። እዚያ ክፍል ውስጥ የተጻፈው ሁሉ ተረስቷል፤ ያልተረሳው በእሳቸው ቃል ያለው ብቻ ነው።

መዝገቡ ራሱ ከአራተኛው ማዳበሪያ ወጣ። ዳኛው በእጃቸው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፉት ነው፤ ፊደላቸው እንደ ድርና ማግ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። የምስክሮቹን ቃል አነበብኩ። አንዱ ምስክር ከ15 ዓመት በፊት የሞተ ጎረቤታችን ነው፤ ልጅ ሆኜ ዘንጉን እሰርቀው ነበር። «ወሰኑ ከኮሶው ዛፍ ተነሥቶ እስከ ጅረቱ መሆኑን አውቃለሁ» ብሏል። ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ። ፍርዱ ሁለት ገጽ ተኩል ነው፤ መጨረሻው ላይ ዳኞቻችን ሁሉ የሚዘጉበት ዓረፍተ ነገር አለ፤ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። አንድም ሳይጎድል የተፈጸመ ትእዛዝ ካለ ይህ ነው። ተመልሷል። ከዚያ ወዲህም አልወጣም።

«ኮሶው አሁንም አለ?» አልኩት አጎቴን ማታ።

«ተቆርጧል።»

«ማን ቆረጠው?»

ዝም አለ። «ጉቶው አለ» አለኝ ቆይቶ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ለልጅህ ሠርግ ድንኳን ማገር ጠፍቶ ነበር።» የልጄ አይደለም፤ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነበር፤ ግን ያኔ የዚያን ድንኳን ጠላ የጠጣሁ እኔም ነኝና አፌን ያዝኩ።

ረቡዕ ለግልባጩ ዋልኩ። ፎቶ ኮፒ አይሆንም፤ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ በታይፕ ተገልብጦ፣ ተነቦ፣ ተመሳክሮ፣ ማኅተም ይመታበታል። ክፍያው የሚከፈለው እዚያ አይደለም፤ ከከተማዋ ሌላ ጫፍ ገንዘብ ቤት ሄጄ ከፍዬ ደረሰኝ አመጣሁ። የከፈልኩት ሦስት ቀን ከጠጣሁት ሻይ ያንሳል። ከዚያ መብራት ሄደ። ጸሐፊዋ እጇን አጣምራ፣ እኔም እጄን አጣምሬ፣ እስከ 10 ሰዓት ተያየን። መብራት ሲመጣ ጣቶቿ እንደ ዶፍ ወረዱ።

ተራዬን ስጠብቅ ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ሳመኝ። የጎረቤታችን ልጅ፣ የአሁኑ ከሳሽ ነበር። ለሌላ ጉዳይ መጥቷል። የልጆቼን ደኅንነት፣ የባለቤቴን ደኅንነት፣ የአዲስ አበባን ኑሮ ጠየቀኝ። ለምን እንደመጣሁም ጠየቀኝ፤ አልደበቅኩትም።

«የ214ን ነው?» አለኝ።

ዓይኔ ፈጠጠ። «ቁጥሩን ታውቀዋለህ?»

«የአባቴ ግልባጭ እኮ እኔ ጋ ነው። በላስቲክ ጠቅልሎ ነው ያኖረው። ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።»

«ታዲያ ተፈርዶባችሁ እያለ ለምን ከሰስክ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

ለአጎቴ ይህን ስነግረው ተቆጣ። በልጁ አይደለም፤ በእኔ ነው። «እየተካሰስን ሄጄ ቁጥር ልጠይቀው? ምን ይለኛል?» ከዚያ ለጥቆ፣ «በላስቲክ ጠቅልሎ አኖረው አልክ? አባቱ ጠንቃቃ ነበር፤ ነፍሱን ይማር» አለ።

ግልባጩ ወጣ። ማኅተሙ ደማቅ ነው፤ «ትክክለኛ ግልባጭ» ይላል። ጸሐፊዋ የዳኛውን የተጠላለፈ ፊደል ሁሉ አንድ ሳታስቀር አንብባ ጽፋዋለች፤ ፊርማው ጋ ስትደርስ ግን እንደ ደንቡ እንዲህ ብላለች፦ የማይነበብ ፊርማ አለበት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት «ይህን አላውቀውም» ሲል የሰማሁት በዚህች ብቻ ነው።

ልሰናበት መዝገብ ቤቱ ስመለስ ባለ ቁልፉ 590/2000ን ወደ ቦታዋ እየመለሱ ነበር። ለውለታቸው ሻይ ልጋብዛቸው አልኩ፤ ረቡዕ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ 9 አልፎ ነበርና እሺ አሉኝ። የሻይዋ ሴትዮ ስታየን፣ «ቁጥሩ ተገኘ?» አለች። 11።

መቃወሚያው ቀረበ፤ የአጎቴ ግልባጭ ተያያዘ፤ ፍርድ ቤቱም ነገሩ በፊት በፍርድ ያለቀ ነው ብሎ ክሱን ዘጋው። አጎቴና የጎረቤቱ ልጅ ከችሎት ሲወጡ በአንድ ባጃጅ ነው የተመለሱት፤ ሒሳቡን የከፈለው የተረታው ነው። አዲሱ ውሳኔም እንደ አሮጌው ያልቃል፤ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። የሁለቱንም ቁጥር አጎቴ ዳዊቱ ላይ፣ ባዶው ብራና ገጽ ላይ፣ በቀለም ጽፎታል።

ባለ ቁልፉ በመጪው ሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። እስካሁን በቦታቸው የተመደበ ሰው የለም። ጉዳይ ያላችሁ ፍጠኑ።